ማንቆርቆሪያዋ ድምፅ ነበራት

እትዬ ክዳን ይሏታል። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም አሁን የሚያስታውሱት መታወቂያ ወረቀቷና ታናሽ እህቷ ብቻ ናቸው። እህቷም ብትሆን ካልተናደደች በስተቀር አትጠራበትም።

ግቢዋ ሰፊ አይደለም። ከበሩ እስከ ቤቱ ደጃፍ አሥራ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን በዚያች አሥራ አራት እርምጃ ውስጥ እንግዳ ሰው ሩብ ሰዓት ይቆማል። ጽጌረዳው ሥር ማጥለያ የነበረች ዶሮ ተቀምጣለች፤ ላባዋ ሹካ፣ ዓይኗ ቁልፍ ነው። ግድግዳው ላይ አሮጌ ካውያ ኤሊ ሆና፣ ዘላለም ላትደርስ ወደ ላይ ታዘግማለች። ከተበላሸ ማራገቢያ የተሠራ አበባ ንፋስ በመጣ ቁጥር እየዞረ ያንጎራጉራል። የካሮት መፋቂያው ጉጉት ሆኗል፤ ቀን ቀን ሁሉንም በግርምት ያያል። ከሁሉም በላይ፣ ከበሩ ጎን፣ የሰው ደረት የሚያህል የድስት ክዳን በሃያ አራት ማንኪያ ተከቦ ሱፍ አበባ ሆኖ ቆሟል። ስሟም የመጣው ከዚያ ነው።

ያ ክዳን ታሪክ አለው። እትዬ ክዳን አዳሪ ተማሪ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ድስት አጥባለች። ትንንሽ ድስት አይደለም፤ ሦስት መቶ ልጅ የሚበላበት፣ ለማጠብ ግማሽ አካሏን ወደ ውስጥ የምታስገባበት ድስት ነው። ጓደኞቿ ከውስጥ ስትዘፍን ሲሰሙ፣ «ድስቱ ዛሬ ደስ ብሎታል» ይሉ ነበር። እዚያ ነው መዶሻ መያዝ የለመደችው። የጎደጎደ ድስት በጎደጎደበት በኩል ያሳርራል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ድስቶቹን ክብ ጉቶ ላይ እየደፋች፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያደረገች ፊታቸውን ታቃናለች። ጡረታ የወጣች ዕለት በፍሬም የታሰረ የምስጋና ወረቀት ሰጧት። እሷ ግን ወረቀቱን በብብቷ ይዛ፣ «ድስቱ የጠፋበትን ያንን ክዳን ብትሰጡኝ» አለች። ሳቁባት። ሰጧትም።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የሚጥለውን ሁሉ ወደ እሷ ያመጣል። እሷም አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ማን ነበር የሚይዘው?» መልሱን ከሰማች በኋላ ዕቃውን ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፣ ትፈትጋለች፣ ጉቶው ላይ ታቃናለች። ጎድጓዳ፣ ጭረትና ጥላሸት ይዞ ከእጇ የወጣ ነገር የለም። እጇ ሲሠራ አፏም ሥራ አይፈታም፤

ክዳኑ ክዳኑ የድስቱ ባርኔጣ፣
ከጓዳው ጨለማ ወደ ፀሐይ ውጣ።

እያለች ከመዶሻዋ ጋር ቤት ትመታለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያበላሸችው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ያ አንዱ ግን ሰው አምኖ ከሰጣት ሁሉ ውዱ ሆኖ ተገኘ።

ያንን ዕቃ ይዘው የመጡት ሰፈሩ ሹፌሩ የሚላቸው ሰው ናቸው። ሦስት ቤት አልፎ የሚኖሩ፣ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ጡረታ የወጡ፣ ረጅም ዝምተኛ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞተች ዓመት ሊሆናት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው እንኳ አጥሯል።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ! ይግቡ እንጂ!»

«የለም፣ አልቆይም» አሉና ገብተው ተቀመጡ።

ጭናቸው ላይ የሴት ሻሽ የተጠቀለለበት ነገር አለ። ፈቱት። ማንቆርቆሪያ ናት፤ ሻይ ስታፈላ የምታፏጭ፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ፊሽካ የተሰካባት። ታችዋ ነዶ ተበስቷል። አፍንጫዋ ደግሞ እንዳኮረፈ ሰው ወደ ጎን ዞሯል፤ ፊሽካውም አብሮ ተጣሟል።

«ማን ነበር የሚይዛት?» አለች እትዬ ክዳን፣ መልሱን እያወቀችው።

«እሷ ናት።»

«ታችዋ ምነው እንዲህ ሆነ?»

«እሳት ላይ… ውሃ አልቆባት» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሻሹ ሳያነሱ። «ወፍ ብትሆን ብዬ ነው። አጥሩ ጥግ፣ እሷ ትቀመጥበት ከነበረው በላይ እንድሰቅላት። እዚያ ጋ ንፋሱ ጥሩ ነው። ግን አይድከሙ እትዬ። እንዳለች ትሁን። ምንም አይንኳት።»

አይድከሙ! እትዬ ክዳን በዕድሜዋ ስንት «አይድከሙ» ሰምታለች። ወንበር ሲያቀርቡለት አይድከሙ የሚል ሰው ይቀመጣል። ምግብ ሲጨምሩለት በቃኝ የሚል ሰው ይበላል። እኚህም ሰው አልቆይም ብለው ይኸው ተቀምጠዋል። የሰውን ጨዋነት ቃል በቃል መውሰድ ብልግና ነው። «እንዳለች ትሁን» ያሉትን ሰምታ ልቧ ራራ፤ እኔን ላለማስቸገር ነው፣ ሐዘን ያጎበጠው ሰው ለሰው ያስባል፣ አለች በሆዷ። ከዚያም ለማንም ያልለፋችውን ያህል ለፋች።

ሦስት ቀን ዘፈዘፈቻት። ጥላሸቱን በአመድና በሎሚ ፈገፈገችው። የአፍንጫዋን ጎድጓዳ ከውስጥ በእንጨት እየገፋች፣ ከውጭ እየደለቀች አወጣችው። ፊሽካውን በጉጠት ክብ አደረገችው።

እርጅና ደርሶብሽ ፊትሽ ቢጨማደድ፣
መዶሻዬ ያውቃል ልጅ አድርጎ መውደድ።

ታናሽ እህቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። እሷን ስልከኛዋ ይሏታል። ስልክ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት መስመር ስታገናኝ የኖረች፣ ሰውን በ«ሃሎ»ው ብቻ የምትለይ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእህቷ ጋር ነው የምትኖረው።

«እትዬ።»

«ወይ።»

«የእኔን የስልክ እጀታ ቀንድ አውጣ ስታደርጊው ግማሽ ቀን አልፈጀብሽም። ይቺ ሰባተኛ ቀኗ ነው። የሹፌር ነገር ነው እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ። ሰው ሐዘን ላይ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ? ቲኬት ልቁረጥልሽ ወይ ነው ያልኩት።»

እትዬ ክዳን የሎሚውን ልጣጭ ወረወረችባት። በግማሽ መንገድ ወደቀ። መወርወር አትችልም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያነሳችውን ዕቃ ሁሉ በጥንቃቄ ስታስቀምጥ የኖረች ሴት ናት።

በዘጠነኛው ቀን ወፏ አለቀች። ክንፎቿ የሾርባ ማንኪያ፣ ጭራዋ ሹካ፤ አፍንጫዋ ቀጥ ብሎ ምንቃር ሆኗል። የተበሳው ታችዋ በትንሽ ክዳን ተደፍኗል። ፀሐይ ላይ ስትይዛት ዓይን ትወጋለች። ሹፌሩ መጥተው ተቀበሏት። ብዙ አዩዋት። አውራ ጣታቸውን ምንቃሯ ላይ፣ ጎድጓዳው የነበረበት ቦታ ላይ፣ ሄድ መለስ አደረጉ።

«እጅዎ ይባረክ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። «እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ።»

በሩ ሲዘጋ ስልከኛዋ ራሷን ነቀነቀች። «ሰውዬው አልወደዷትም።»

«ሁለቴ መርቀውኝ?»

«ሁለተኛው እኮ ነው ያሳበቀባቸው። ድምፃቸው የመጀመሪያው ላይ አልቆ ነበር።»

እትዬ ክዳን አላመነችም። ግን ሱቅ ስትሄድ በሹፌሩ አጥር በኩል ማለፍ አበዛች። ከአጥሩ ጥግ፣ ከባለቤታቸው መቀመጫ በላይ፣ መስቀያው ሜንጦ ባዶውን ተሰክቷል። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ባዶ ነው። ሁለት ሳምንት፤ ባዶ። በሦስተኛው እንቅልፍ አጣች። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እህቷን አስከትላ በራቸውን አንኳኳች።

ወፏ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ናት። ከላይዋ ያንን ሻሽ ለብሳለች።

«ጋሼ፣ ጥፋት አለብኝ?»

«ኧረ ምን ጥፋት! ንፋሱ በረታብኝ፤ እንዳትጎዳ ብዬ እንጂ…»

«ጋሼ» አለች ስልከኛዋ፣ ሳትጋበዝ ወንበር እየሳበች፤ «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲዋሽ እያዳመጥኩ መስመር ያገናኘሁ ሴት ነኝ። ባል ከመጠጥ ቤት ደውሎ ‹ቢሮ ነኝ› ሲል መስመሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ይንገሯት። ይቺ እህቴ እንቅልፍ ካጣች እኔም አልተኛም።»

ሹፌሩ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ከዚያ ሻሹን አነሱት።

«ድምፅ ነበራት» አሉ።

የወፏን ምንቃር ወደ ራሳቸው አዞሩ።

«ሃያ ዓመት ያልፈዋል። ከሥራ ተበሳጭቼ ገባሁ። ሻይ አቀረበችልኝ። እኔ ሞኙ፣ ‹እንደ እናቴ ሻይ አይሆንም› አልኳት።»

«ውይ!» አለች ስልከኛዋ። «በገዛ አፍዎ!»

«ይቺን አንስታ ወረወረችብኝ። ባዶ ባትሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ጎንበስ ስል መቃኑ ላይ አረፈች። ከዚያን ቀን ወዲህ ፉጨቷ ተለወጠ። ቀጥ ብላ ትጀምርና መሃል ላይ ትሰበራለች፤ ከዚያ ቀጥና እንደገና ትነሳለች። ልክ እሷ እኔን ስትጠራኝ የምታወጣው ድምፅ። አዲስ ልግዛልሽ ስላት፣ ‹ይቺ ምስክሬ ናት፣ አትነካም› ትለኝ ነበር።» ሻሹን አጠፉ። «ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጥዳታለሁ። ሻይ እንኳ አላፈላም። ዝም ብዬ ማዳመጥ ነው። አንድ ቀን አብዝቼው ውሃው አለቀና ታችዋ ነደደ። ውሃ መያዝ ካልቻለች፣ ንፋስ ያስፏጫት ይሆናል ብዬ ነው ያመጣሁልዎት።»

እትዬ ክዳን ወንበሩን በእጇ ፈለገችው። ያ ጎድጓዳ፣ እየዘፈነች ያወጣችው ጎድጓዳ፣ የሴትዮዋ ጉሮሮ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ የቀረውን ያንን አንድ ድምፅ በገዛ መዶሻዋ አጥፍታዋለች። መልሳ ካላመጣችው ሌላ ማንም የሚያመጣው የለም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ነገርኩዎት እኮ፣ እትዬ። ምንም አይንኳት አልኩ።»

«ይሉኝታ መስሎኝ!»

«ገብቶኛል። ይሉኝታ እንደመሰለዎት ስመለከትዎት ገባኝ። ይሉኝታ አይደለም እንዳልል ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ።»

ስልከኛዋ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አይታወቅም።

እትዬ ክዳን ተነሳች። የቀሚሷን እጅጌ ጠቀለለች። «ያቃናኋት እኔ ነኝ። የማጎብጣትም እኔ ነኝ። መቃኑ የቱ ነው?»

የጓዳው በር መቃን ነው። በሰው ጆሮ ከፍታ ላይ፣ አውራ ጣት የምታስገባ ስርጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፤ ስርጉዷን ግን አልደፈኗትም፣ ቀለም ብቻ አልብሰው አልፈዋታል። እትዬ ክዳን ክንፎቹንና ጭራውን ፈታች፤ ብሎኖቹን ኪሷ ከተተች። ንፋስ እንደ ልቡ እንዲገባ፣ ታችዋን የደፈነችበትን ክዳንም ፈልቅቃ አወጣችው። አፍንጫዋን ስርጉዱ ላይ ገጥማ በመዶሻ ቀስ አድርጋ መታች። ሹፌሩ ከጓሮ የጎማ መንፊያ ፓምፕ ይዘው መጡ፤ በእግር የሚረገጥ ነው። የፓምፑን ቱቦ በተበሳው ታችዋ አስገብተው በጨርቅ ወትፈው ረገጡ። ማንቆርቆሪያዋ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አንድ ጊዜ ጥርት አድርጋ ነፋች።

«ይሄ የማንም ድምፅ አይደለም» አሉ ሹፌሩ።

ደገመች። ሰለሰች። ጎድጓዳው የለዘበ ሆነ፤ ድምፁም የለዘበ።

«እትዬ፣ አልገባሽም?» አለች ስልከኛዋ። «ሴትዮዋ በመዶሻ አይደለም የመታቻት። በንዴት ነው። መወርወር አለብሽ።»

«እኔ? ዕቃ?»

«ይወርውሩ» አሉ ሹፌሩ። ሄደውም መቃኑ ሥር ቆሙ።

«ዞር ይበሉ እንጂ ጋሼ! ልገድልዎት ነው?»

«ያኔ እዚህ ነበርኩ። ሌላ ቦታ ከቆምኩ አቅጣጫው ይበላሻል።»

እትዬ ክዳን ዓይኗን ጨፍና ወረወረች። ማንቆርቆሪያዋ መንገድ ላይ ደክሟት ምንጣፉ ላይ አረፈች።

«ይሄ መወርወር ነው?» አለች እህቷ። «ለሕፃን ዳቦ የምታቀብዪ ነው የሚመስለው! ጋሼ፣ አናድዷት እንጂ። ያኔ ያሉትን ይበሉ።»

«እንደ እናቴ ሻይ አይሆንም» አሉ ሹፌሩ፣ እየተሽኮረመሙ።

«የእኔን ሻይ መች ቀመሱና!» አለች እትዬ ክዳን። ምንም አልተናደደች።

ሹፌሩ አሰቡ። ጫማቸውን አዩ። ቀና አሉ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ይንገሩኝ።»

«ወፏ ወፍ አትመስልም። ዳክዬ ነው የምትመስለው። ያውም የታመመ ዳክዬ።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም። ዘጠኝ ቀን! አመድ፣ ሎሚ፣ መዶሻ! ደም ፊቷ ላይ ወጣ። ክንዷ መቼ እንደተነሳ አታውቅም፤ ማንቆርቆሪያዋ ግን እንደ እውነተኛ ወፍ በረረች። ሹፌሩ ጎንበስ አሉ። መቃኑ «ቋ!» አለ።

ሹፌሩ ቀና አላሉም። ሽበታም ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ገደልኳቸው!» ብላ ሮጠች።

አልሞቱም፤ እየሳቁ ነው። ዓመት ሙሉ ተቆልፎበት የቆየ ሳቅ፣ እንባና ሳል ይዞ ይወጣል። «ከእሷ…» አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ «ከእሷ ይልቅ የእርስዎ ይበረታል!»

አፍንጫዋ ዞሯል። ፊሽካው ተጣሟል። ሦስቱም ወለሉ ላይ ከበቧት። ሹፌሩ ፓምፑን ረገጡ። ድምፅዋ ወጣ፤ ተሰበረ፤ ግን ሲሰበር ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሻከረ።

«አይደለችም» አሉ ሹፌሩ።

ምርቃት የለም፣ አይድከሙ የለም። እትዬ ክዳን ልቧ ቢደማም፣ ይህ ደረቅ ቃል ከሁለቱ ምርቃት ይልቅ ጣማት። ሥራ የሚሠራው በእንዲህ ያለ ቃል ነው። ጉጠቷን አወጣች።

«ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?»

«ወደ ውስጥ። ትንሽ። በዛ።»

«አሁንስ?»

«ትጀምራለች፣ ግን አትነሳም።»

ስልከኛዋ ዓይኗን ጨፍናለች። አንድ እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ ድሮ መስመር ስትጠብቅ እንደምታደርገው፣ ጣቶቿን ታወዛውዛለች። «ወፍራም ናት። እኔ ሴትዮዋን በአጥር በኩል ስትጠራዎት እሰማት ነበር። ከዚህ ትቀጥናለች። እትዬ፣ የግራውን ከንፈሯን ነካ አድርጊው። ከዚያ ባነሰ። ፀጉር ታህል።»

ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች። የሹፌሩ ቀኝ እግር፣ ዕድሜውን ፍሬን ሲረግጥ የኖረው እግር፣ ሳይታክት ይወጣል ይወርዳል። እትዬ ክዳን ላብ በቅንድቧ እየተንጠባጠበ በፀጉር ልክ ታጠባለች፣ በፀጉር ልክ ትከፍታለች። ዘፈን የለም። እጇ ብቻዋን ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ አፏ እንዲሰማ ትታለታለች፤ ሌላ ሰው የሚዘፍንበት ሰዓት ነውና።

አንድ ጊዜ ነካች። ሹፌሩ ረገጡ።

ማንቆርቆሪያዋ ቀጥ ብላ ጀመረች። መሃል ላይ ተሰበረች። ከዚያ ቀጥና፣ ትንሽ እንደተቆጣች፣ ትንሽ እንደምትስቅ ሆና ተነሳች።

«መጣሁ!» አሉ ሹፌሩ፣ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዙረው። «መጣሁ አልኩ እኮ! ምን ያስቸኩልሻል!»

ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ስልከኛዋ ያነሳችውን እጇን በዝግታ አወረደች። እትዬ ክዳን ጉጠቱን እንዳይንኳኳ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እህቷንም፣ ሹፌሩንም አላየችም፤ ወለሉን ነው ያየችው። ከደጅ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰምቶ አለፈ። ሹፌሩ መዳፋቸውን ከአፋቸው አነሱ፤ እግራቸውንም መልሰው ፓምፑ ላይ አሳረፉና ረገጡት።